የተሰረዘው እንጨት

አደባባዩ አጠገብ ባነሩ ሲሰቀል ዘመናይ ከታች ቆማ ታዝዝ ነበር። ሁለት ሠራተኞች በመሰላል ወጥተው ገመዱን ይስባሉ፤ እሷ ደግሞ "በግራ በኩል ትንሽ ከፍ፤ እሺ፣ እዚያው ላይ እሰረው" ትላለች። ጨርቁ ሲወጠር ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ታየ። ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት በታጨደ የስንዴ ማሳ ላይ ቆማ፣ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ታራግፋለች። ስንዴው ከቀሚሷ እንደ ውኃ ይወርዳል። ከፊት ለፊቷ የአንድ ሰው ቦት ጫማና ዱላ ብቻ ይታያል። የሴቲቱ ፊት ግን ወደ ተመልካቹ ዞሯል። ከሥዕሉ ሥር "የፕሮፌሰር የኋላሸት ገብረ መድህን አንደኛ ሙት ዓመት መታሰቢያ ዐውደ ርእይ" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

ባጃጅ ነጂዎች ፍጥነታቸውን ቀንሰው አንጋጠው አዩ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችም ቆሙ። አንዷ ለጓደኛዋ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ነግራ ከንፈሯን መጠጠች። ዘመናይ ያን ስትሰማ ደስ አላት። ጋሼ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እያለች ወደ አዳራሹ ሄደች። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ዐውደ ርእዩ በማግስቱ ይከፈታል።

ጋሼ የምትላቸው ፕሮፌሰር የኋላሸት አሰላ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ሲያስተምሩ አርጅተው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አባታቸው ግቢ የተመለሱ ሰው ነበሩ። እንጨት ይቀርጻሉ፤ የቀረጹትን ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ያትማሉ። ዘመናይ የአቦምሳ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሄዳ የተማረችው በእሳቸው እጅ ነው።

ተማሪዎቻቸውን ሁሉ "እርስዎ" እያሉ ነበር የሚጠሩት። ገና ጢሙ ያላቆጠቆጠ ልጅ "እርስዎ ይህን መስመር ለምን እዚህ ላይ ቆረጡት?" ሲባል አዲስ ገቢዎች ይሳሳቃሉ። ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ቆይተው ነው የሚረዱት። ጋሼ ወደ "አንተ" ወይም ወደ "አንቺ" የሚሻገሩት ተማሪው በራሱ ዓይን ያየውን ያተመ ዕለት ብቻ ነው። ሳይሻገሩለት የተመረቀ ብዙ ነው። ዘመናይ ሁለት ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ስትባል ከቆየች በኋላ የአቦምሳን የከብት ገበያ ቀረጸች። ወረቀቱን ከእንጨቱ ላይ ልጣ ስታነሳ ከኋላዋ ቆመው ነበር። ብዙ ካዩ በኋላ፣ "አንቺ፣ ይህ በሬ ደክሞታል" አሏት። ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ ደስታው ራሱ አጥግቧት ነበር።

የትምህርት ቤቱ ማተሚያ በተበላሸ ጊዜ ከቤታቸው የሾርባ ማንኪያ ይዘው መጥተው፣ የወረቀቱን ጀርባ በማንኪያ ሆድ እያሹ አተሙ። "ማሽን ያስቸኩላል፤ ማንኪያ ግን የት ላይ መጫን እንዳለብዎ ያስጠይቅዎታል" አሉ። ክፍላቸው ውስጥ ላጲስ ይዞ መግባት አይቻልም ነበር። "ላጲስ ሰውን ውሸታም ያደርጋል። እንጨት ላይ የቆረጡትን መልሰው አይለጥፉትም። ስለዚህ ከመቁረጥዎ በፊት ይዩ። አይተው ሲጨርሱ ደግሞ እንደገና ይዩ።"

ዘመናይ ከጊዜ በኋላ አሰላ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሥዕል መምህርት ሆና ስትቀጠር ጋሼ ቀድመዋት እዚያው ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያቸው እየሄደች ታግዛቸዋለች። ጭላሎ ደመናውን ያወረደ ቀን ወረቀቱ ስለሚረጥብ ማተም አይቻልም፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱም በር ላይ ተቀምጠው መቅረጫ ይስላሉ። በሽታቸው ሲጠና ቀለም የምታላቁጥላቸው እሷ ነበረች። በሞቱ በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ እሷ ወርክሾፑ ገብታ የደረቀ ቀለም የያዙትን ሮለሮች በጋዝ አጠበች። ሌላ የምታደርግላቸው ነገር አልታያትም ነበር።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት የተነሳችውም በዚሁ ፍቅር ነው። የጋሼ ባለቤት ወይዘሮ አባይነሽ የወርክሾፑን ቁልፍ ሰጧት። "እኔ ሮቤ እህቴን ላስታምም እሄዳለሁ። ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የሚሆነውን ምረጪ" ብለዋት ሄዱ።

ዘመናይ የባነሩ ሥዕል የተቀረጸበትን እንጨት ያገኘችው ከመደርደሪያው ግርጌ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በሌሎች እንጨቶች ተጭኖ ነው። ጆንያውን ስትገልጠው ወዲያው አወቀችው። "ማራገፍ" የሚባለው ሥራ ነበር። ጋሼን በውጭ አገር ሳይቀር ያሳወቃቸው እሱ ነው። ተማሪ ሳለች በአንድ የቆየ ካታሎግ ላይ ፎቶውን አይታዋለች፤ እውነተኛውን ሕትመት ግን የትም አላየችም። አንድ ቅዳሜ፣ "ጋሼ፣ ከማራገፍ አንድ ቅጂ እንኳ አልቀረዎትም?" ብላ ጠይቃቸው ነበር። "እሱን ተይው" ብለው ሮለሩን ወደ ማጠቢያው ይዘው ሄዱ። ሠዓሊ ዝነኛ ሥራው ሲነሳበት ይሰለቻል ብላ አለፈችው።

እንጨቱ ከላይ ከቀኝ ጥግ እስከ ታች ግራ ጥግ ድረስ በመቅረጫ ተተልትሎ ነበር። ትልትሉ የሴቲቱን ፊት መሐል ለመሐል ያቋርጣል። ዘመናይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሠዓሊው ማተም የፈለገውን ያህል ካተመ በኋላ ማንም እንዳይደግመው እንጨቱን በመስመር ይሰርዘዋል። የተሰረዘ እንጨት አይታተምም። ይህን ያስተማሯት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ስረዛ ሲባል ግን ቀጭን ጭረት ነው፤ ይህኛው አውራ ጣት ይውጣል። ይህንንም አየች። አይታ ግን ሐሳቧን ወደ ሌላ መራችው። የአሰላ ሰው የራሱን ልጅ ትልቁን ሥራ አንድ ቀን እንኳ አላየም። ጋሼ ሞተዋል። አምስት ቅጂ ብቻ ባትም ማንን ይጎዳል?

እንጨቱን መናኸሪያ አካባቢ ወደሚሠራው አናጢ፣ ወደ ጉደታ ወሰደችው። ጉደታ በጣቱ ትልትሉን ዳሰሰ።

"ዋንዛ ነው፤ ኮላ ይቀበላል" አለ። "ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"የሙያው ልማድ ነው።"

"እሺ" አለና የዋንዛ ዱቄት ከኮላ ጋር ለውሶ ሞላው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከለው። ከዚያ በኋላ ሥራው የዘመናይ ሆነ። የካታሎጉን ፎቶ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ የጠፉትን መስመሮች እንደገና ቀረጸች፤ ቅንድቡን፣ የአፍንጫውን ጎን፣ ዝቅ ያለውን የከንፈር ጫፍ። ስትጨርስ የጋሼ እጅ የት ላይ አብቅቶ የእሷ የት እንደሚጀምር መለየት አይቻልም ነበር። የመጀመሪያውን ቅጂ ከእንጨቱ ላይ ስታነሳ በኩራት ሳቀች።

እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ፍትሐት ተደረገ። ወይዘሮ አባይነሽ ከሮቤ የገቡት ቅዳሜ ከመሸ በኋላ ስለነበር፣ ከቤታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ሆነ ወደ አዳራሹ የሚወስደው መንገድም በአደባባዩ ስለማያልፍ፣ ባነሩን አላዩትም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድና እንግዳ ቤታቸው ዝክሩን ቀመሰ። ዘመናይ ግን ቀድማ አዳራሹን ለማየት ስለሄደች ከእሳቸው ጋር በቅጡ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጠችም።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። የኮሌጁ ተማሪዎች፣ የባህል ቢሮ ሰዎች፣ ነጋዴዎች፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የጋሼ የድሮ ተማሪዎች ነበሩ። "ማራገፍ" ከመድረኩ ጀርባ ብቻውን፣ ባለ መስተዋት ፍሬም ውስጥ ተሰቅሏል። ዘመናይ ማይክሮፎኑን ይዛ መናገር ከጀመረች በኋላ ወይዘሮ አባይነሽ ከእንግዶቻቸው ጋር ገቡ። ከፊት ቦታ ተይዞላቸው ስለነበር አስተናጋጆቹ አጎንብሰው አስቀመጧቸው። አጠገባቸው ነጠላ የለበሰች፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ተቀመጠች። ዘመናይ ሴትዮዋን በቀብሩ ላይ እንዳየቻት ትዝ አላት፤ ማን እንደሆነች ግን አታውቅም ነበር።

ስለ "እርስዎ" እና "አንቺ" ስትተርክ አዳራሹ ሳቀ። ስለ ማንኪያው ስትናገር አንድ የድሮ ተማሪ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ዞር ብላ ሥዕሉን በእጇ አመለከተች።

"ጋሼ ለተገፉ ሰዎች ጠበቃ ነበሩ" አለች። "ይህችን ሴት ተመልከቱ። ጋሼ አላለፏትም፤ አይተው ለዓለም አሳዩልን። ይህች ሴት ማን ናት? ስም የላትም። የሁላችንም እናት ናት።"

ጭብጨባው ሲጀመር ዘመናይ ወደ ፊት ረድፍ አየች። ወይዘሮ አባይነሽ አያጨበጭቡም። አፋቸው ተከፍቶ ሥዕሉን ያያሉ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ አቀርቅራለች። ወይዘሮ አባይነሽ እጇን ይዘውታል።

በዚህ መሐል በሩ ተከፍቶ አንዲት ወጣት ገባች። ከጃኬቷ ሥር የነርስ ጋዋን ይታያል። ከጤና ጣቢያ ተረኝነት ወጥታ በአደባባዩ በኩል ስትመጣ ባነሩን አይታ ነበር የሮጠችው። በወንበሮቹ መሐል አልፋ ነጠላ የለበሰችው ሴት ዘንድ ደረሰች።

"እማ፣ ተነሺ፤ እንሂድ" አለቻት። ከዚያ ቀና ብላ ዘመናይን አየቻት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ማይክሮፎኑ ቅርብ ስለነበር ግን ሁሉም ሰማ። "ስም አላት። ተሻለች ትባላለች። ጀርባዋ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።"

የሰዉ ዓይን ከሥዕሉ ወደ ሴትዮዋ ሄደ፤ ተመልሶ ወደ ሥዕሉ። ፊቱ ያው ነበር፤ ዕድሜ ብቻ ነው የጨመረው። ከኋላ ስልኮች ተነሱ። ተሻለች ልጇን ተደግፋ ቆመች። ነጠላውን በአንድ እጇ ፊቷ ላይ ይዛ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።

ነገሩ ያልገባው አንድ የባህል ቢሮ ኃላፊ ብድግ ብሎ ማይክሮፎኑን ከዘመናይ እጅ ተቀበላት። "ይህ ታላቅ አጋጣሚ ነው" አለ። "ባለታሪኳ ራሷ መካከላችን ተገኝታለች። እባካችሁ እናጨብጭብላት።"

ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበ። ተሻለች ጭብጨባው እየተከተላት ወጣች። ዘመናይ እጇ ባዶውን አየር ላይ እንደቀረ መድረኩ ላይ ቆማ ነበር። የሆነው ነገር ገና በሙሉ አልገባትም፤ ፊቷ ግን ቀድሞ ተረድቶ ይነድድ ጀመር።

ሰው ሲበተን ወይዘሮ አባይነሽ ዘመናይን ይዘው ወደ ግቢያቸው ሄዱ። ወደ ቤት አላስገቧትም። ወርክሾፑን ከፍተው በጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሷ ቆማ ቀረች።

"ያን ዓመት ለዕረፍት ከአዲስ አበባ መጥተን ነበር" አሉ። "ኢተያ ስንደርስ ስንዴ እየታጨደ ነው። የኋላሸት መኪናውን ዳር አቁሞ መሣል ያዘ። ኮምባይነሩ ካለፈ በኋላ ሴቶች ገብተው የወደቀውን ይቃርማሉ፤ የተለመደ ነው። የዚያ ማሳ ጠባቂ ግን ክፉ ሰው ነበር። ሲመጣ ሌሎቹ ሮጡ። ተሻለች ልጅ አዝላ ስለነበር አልሮጠችም። ባሏ ጥሏት ሄዶ ነበር። የደህና ሰው ልጅ ናት፤ ቃርሚያ መውጣቷን ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም። ጠባቂው በቀሚሷ የያዘችውን 'አራግፊ' አላት። አራገፈች።"

"ጋሼስ?"

"ሣለ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ኮት የለበሰ፣ መኪና ያለው ሰው 'ተዋት' ቢለው ጠባቂው ይተዋት ነበር። እሱ ግን ፊቷ እንዳያመልጠው ሳስቶ ሣለ። እኔም መኪናው ውስጥ ነበርኩ። አልወረድኩም።"

ወይዘሮ አባይነሽ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን መቅረጫ ወደ ዳር ገፉት።

"ከዚያ ዝናው መጣ። ሥዕሉ ካላንደር ላይ ወጣ። ካላንደሩ ዞሮ ዞሮ ኢተያ ሱቅ ውስጥ ተሰቀለ። ልጇ ሃኒ ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ 'የአራግፊ ልጅ' ይሏት ጀመር። ተሻለች አፈላልጋ፣ ለዕረፍት መጥተን ሳለን እዚህ ግቢ መጣች። አልጮኸችም። 'ልሣልሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል?' ብቻ አለችው። ገብቶ እንጨቱን አመጣና 'ላቃጥለው?' አላት። 'ፊቴን በእሳት አያቃጥሉት' አለች። መቅረጫውን አንስቶ ዓይኗ እያየ እንጨቱ ላይ አሳለፈበት። በሙሉ ኃይሉ ነበር የጫነው፤ እንደዚያ የጠለቀው ለዚህ ነው። ቅጂዎቹንም ከየሰዉ እየለመነ ሰበሰበ። 'ይህ ፊት ከእንግዲህ አይወጣም' ብሎ ቃል ገባላት። ከዚያ ወዲህ እሱ ይሄዳል፣ እሷ ትመጣለች፤ እያደር ዘመድ ሆነችን።"

"ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ?"

"እሱ አፍሮ ነው። አንቺ እንደ ታቦት ነበር የምታዪው፤ በየት በኩል ይንገርሽ? እኔስ የባሌን እፍረት ለማን ላውራ?" ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። "ደግሞም ቁልፉን ስሰጥሽ፣ የተሰረዘ እንጨት እንደማይታተም ታውቂያለሽ ብዬ ነው።"

ዘመናይ "አላውቅም ነበር" ማለት ብትችል ኖሮ ይቀልላት ነበር፤ ግን ታውቅ ነበር።

በማግስቱ በማለዳ ባነሩን አስወረደች። በስልክ የተሰራጨውን ግን ማን ያወርዳል? የባህል ቢሮው ኃላፊ ሥዕሉንና ነጠላዋን ስባ የምትወጣውን ተሻለችን ጎን ለጎን አድርጎ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ነበር። ደውላ ለመነችው። "ለምን? ሰው እኮ ወዶታል" አላት። ደጋግማ ስትለምነው አነሳው። እስከዚያ ድረስ ግን የኮሌጁ ተማሪዎች ሳይቀሩ በቴሌግራም ተቀባብለውታል።

ዘመናይ ሁለት ቀን ቁጭ ብላ አንድ ጽሑፍ ጻፈች። እንጨቱ ተሰርዞ እንደነበር፣ ያለ ማንም ፈቃድ ያተመችው እሷ መሆኗን፣ ጥፋቱ የጋሼም የቤተሰባቸውም እንዳልሆነ ዘረዘረች። ከመለጠፏ በፊት ግን ተሻለችን ማየት አለብኝ ብላ በሚኒባስ ወደ ኢተያ ሄደች። ወይዘሮ አባይነሽ አብረዋት እንዲሄዱ ብትጠይቃቸው፣ "ብቻሽን ሂጂ" ብለዋት ነበር።

ተሻለች ለእህል ነጋዴዎች ጆንያ ትሰፋለች። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ቤቷ በር ላይ ወስፌ ይዛ ተቀምጣ አገኘቻት። ዘመናይ እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ተሻለች ክንዷን ያዘቻት።

"ተይ። ተቀመጪ" ብላ በርጩማ አቀረበችላት። ውኃም ሰጠቻት። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

"እትዬ ተሻለች፣ ምን ላድርግ? ያሉኝን አደርጋለሁ።"

"አንቺስ ምን አሰብሽ?"

"ጽሑፍ ጽፌያለሁ። ሁሉም ሰው እንዲያነበው አወጣዋለሁ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ እርስዎ እንዳልፈቀዱ፣ ሁሉንም አስረድቻለሁ።"

"እስቲ አንብቢልኝ።"

ዘመናይ ከስልኳ ላይ አነበበች። ተሻለች አንድ ጆንያ ሰፍታ እስክትጨርስ አዳመጠቻት።

"ጥሩ ጽፈሻል" አለች። "ይህ ሲወጣ ግን እስከ ዛሬ ያላወቀኝ ሁሉ ያውቀኛል። የኢተያዋ ተሻለች፣ ስንዴ ያራገፈችው። አንቺን ቀለል ይልሻል። እኔ እንደገና አራግፋለሁ።"

ዘመናይ ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

"ስለዚህ ዝም በይ" አለች ተሻለች። "ሰው ቢያመሰግንሽም ዝም በይ፣ ቢያማሽም ዝም በይ። ከአንቺ የምፈልገው ይህን ነው። ፊቴንም ከእንጨቱ ላይ አንሺው። እንዴት እንደሚነሳ አንቺ ታውቂያለሽ።"

"ይቅርታስ?"

ተሻለች ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰካችው። "ጋሽ የኋላሸትን ይቅር እስክላቸው ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። እሳቸው አይተውኝ ነው የበደሉኝ። አንቺ አጠገብሽ ተቀምጬ እንኳ አላየሽኝም፤ ስም የላትም አልሽ። የትኛው እንደሚብስ ገና አላወቅሁም።" ትንሽ ቆይታ ጨመረች፤ "ሃኒ ዘንድ ግን እንዳትሄጂ። ልታይሽ አትፈልግም።"

ዘመናይ አሰላ ስትመለስ ጽሑፉን አጠፋችው። ወይዘሮ አባይነሽ ወርክሾፑን ከፈቱላት፤ ከበሩ ሳይርቁ ቆመው አዩዋት። እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አጥብቃ በመላጊያ ትልግ ጀመር። መጀመሪያ እሷ የቀረጸችው ቅንድብ ተነሳ። ቀጥሎ የጋሼ መስመሮች፤ የሕፃኗ ጭንቅላት፣ ጣቶቹ፣ የሚወርደው ስንዴ። ቀለም የጠጣው ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግሯ ሥር ወደቀ። እንደዚያ ያለ መስመር ዳግመኛ የሚቆርጥ እጅ እንደሌለ ታውቅ ስለነበር እያለቀሰች ነበር የምትልገው። ወይዘሮ አባይነሽ አላባበሏትም። እንጨቱ ለስልሶ ባዶ ሲሆን አምስቱን ቅጂዎች ተቀብለዋት ቀዳደው በከረጢት ከተቱ።

በቀጣዩ ወር የባህል ቢሮው ዘመናይን ለዐውደ ርእዩ ዝግጅት በአዳራሽ ውስጥ ሸለማት። ላለመሄድ ሰበብ ፈለገች፤ የኮሌጁ ዲን ግን በመኪናው ይዟት ሄደ። ኃላፊው "የመምህሯን ውለታ ያልረሳች" ብሎ አስተዋወቃት። ሰው አጨበጨበ። ዘመናይ ሽልማቱን ተቀብላ "አመሰግናለሁ" ብቻ ብላ ወረደች። ትሑት ናት ተባለ።

ከአዲስ አበባ አንድ የሥዕል አዳራሽ "ማራገፍን" ለትልቅ ዐውደ ርእይ ፈልጎ ደወለ። "የለም" አለቻቸው። ምክንያት ሲጠይቋት "የለም" ብላ ዘጋች። ጥቂት ቀን ቆይቶ አብሯት የተማረው ጌትነት ደወለላት። በመታሰቢያው ዕለት ዓይኑን ሲጠርግ የነበረው እሱ ነው።

"ለውጭ ሰው ሸጣዋለች እየተባለ ነው" አላት። "እኔ አላመንኩም። ግን ከአንቺ አፍ ልስማ ብዬ ነው።"

"ይበሉ።"

"ዘመናይ፣ ምን ማለት ነው ይበሉ? ስምሽ እኮ ነው የሚጠፋው።"

"ይበሉ፣ ጌትነት።"

ከዚያ በኋላ አልደወለላትም።

በክረምቱ መግቢያ የዘመናይ ትንሽ ልጅ መቅደላዊት ትኩሳት ያዛት። ጤና ጣቢያ ወስዳት ወረፋ ጠብቃ ስትገባ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው ሃኒ ናት። ዘመናይ በሩ ላይ ቀጥ አለች። ተመልሳ ልትወጣ አሰበች፤ ልጅቷ ግን በእጇ ላይ እየተቃጠለች ነው።

ሃኒ ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ አልተለወጠም። "እዚህ አስቀምጫት" አለች።

ሕፃኗን በደንብ መረመረቻት። ጉሮሮዋን እያየች ስለ ቡችላ አወራቻት፤ መቅደላዊት ሳቀች። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰጥ ለዘመናይ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ አስረዳቻት። ዓይኗ ግን ከመድኃኒቱ ብልቃጥ አልተነሳም። ዘመናይ ለወራት በልቧ ስታመላልሰው የነበረው ቃል ሁሉ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ከኋላዋ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ቆማለች። ዝም በይ የተባለችውም ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ጭምር እንደሆነ ያኔ ገባት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

"አሜን" አለች ሃኒ፣ የሚቀጥለውን ካርድ እያነሳች።

ውጭ ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ዘመናይ ልጇን በጋቢ ሸፍና ወደ ባጃጅ ማቆሚያው ስታመራ መቅደላዊት ከጋቢው ሥር አንገቷን አወጣች።

"እማዬ፣ ያቺን ነርስ ታውቂያታለሽ?"

"እናቷን አውቃለሁ" አለች ዘመናይ። ባጃጅ አስቁማ ገቡ።